እህቴን ለጀርመን ላዘጋጀችልን የደብረ ማርቆሷ ተርጓሚ ምስጋናና ጥቆማ

እህቴ ጀርመን ገብታ ትምህርት ከጀመረች ሁለተኛ ወሯን ይዛለች። ትናንት ማታ ደውላ «የመኖሪያ ምዝገባዬን ጨረስኩ፤ የባንክ ካርዴም በፖስታ መጣልኝ» ስትለኝ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ አንዲት ሴት ናት። ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት ጽሕፈት ቤቶች በአንዷ ተቀምጣ ሰነድ ትተረጉማለች፣ ፎርም ትሞላለች። ይህን የምጽፈው እሷን ለማመስገን ነው። ደግሞም ልጁን ወይም እህቱን ለትምህርት ወደ ውጭ ለመላክ ላይ ታች የሚል ቤተሰብ ካለ ወደ እሷ እንዲሄድ ለመጠቆም ነው። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ ቃሏን አክብሬያለሁ።

ከመነሻው ልንገራችሁ። እህቴ በግብርና ተመርቃ ወረዳ ላይ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ አፈር ነው። የእኛ አገር አፈር አሲዳማ እየሆነ ገበሬው ኖራ ካልበተነበት ስንዴው እንደሚቀጭጭ ጎጃም ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛ ዲግሪዋንም በዚሁ ለመማር ስታመለክት ከረመች። ኔት ይጠፋል፣ መብራት ይሄዳል፣ እሷ ግን ሌሊት እየተነሳች ትሞክራለች። በመጨረሻ ከጀርመን ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘች። ሉማሜ ያለው የአባታችን ቤት በእልልታ ተናወጠ።

ጭንቁ የመጣው ከእልልታው ማግስት ነው። ከመሃላችን ባሕር ተሻግሮ የሚያውቅ ሰው የለም። በሰው በሰው አንድ «ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ» የሚል አገኘን። ሰውዬው «ለጀርመን ቪዛ ብሎክድ አካውንት የሚባል የባንክ ሒሳብ ግዴታ ነው፤ 11,904 ዩሮ በስሟ መቀመጥ አለበት። ገንዘቡን እኔ አሳያለሁ፣ እናንተ 90 ሺህ ብር ትከፍሉኛላችሁ» አለን። አባታችን ሁለቱን የእርሻ በሬዎች ለመሸጥ ቆረጠ። ማን ይከልክለው? ልጁ ናት። እኛም ብንሆን ሌላ መንገድ አልታየንም።

ወደ ተርጓሚዋ የሄድነው ለዚህ ጉዳይ እንኳ አልነበረም። የእህቴ የሥራ ልምድ ደብዳቤ በአማርኛ ስለሆነ እሱን ለማስተርጎም ነው። ደብዳቤውን ተቀብላ «ለምን ጉዳይ ነው?» አለች። ነገርናት። «እስቲ ሌላውንም ወረቀት ሁሉ አምጡት» አለች። በፌስታል የያዝነውን ዘረገፍንላት።

የስኮላርሺፑን ደብዳቤ እርሳስ ይዛ መስመር በመስመር አነበበችው። አራት ገጽ ነው፤ አልቸኮለችም። ከውጭ ሦስት ሰው ይጠብቃታል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ አንድ ዓረፍተ ነገር አሰመረችበትና ወደ እኛ አዞረችው። በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብና የጤና መድኑ የተጻፈበት ቦታ ነው። «ብሎክድ አካውንት በራሱ ወጪ ለሚማር ሰው ነው» አለችን። «ያ ሰው ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆነውን ገንዘብ አስቀድሞ ያስገባል፣ እዚያ ሲደርስ በወር 992 ዩሮ እየተለቀቀለት ይኖራል። የእናንተ ልጅ ግን የሚከፍልላት አለ። ማስረጃው ይሄው ደብዳቤ ነው። በሬውን አትሽጡ።»

አባታችን ምንም አልተናገረም። ተነስቶ ወጣና ደጁ ላይ ቆሞ አማተበ።

አንድ ሰው ይህን ያህል ሲጠቅምህ ምን ትለዋለህ? ያን ቀን ያስከፈለችን የአንድ ገጽ ትርጉም ዋጋ ነው። ብትፈልግ «እኔ በ50 ሺህ እጨርስላችኋለሁ» ብትለን እጇን ስመን እንከፍል ነበር።

ከዚያ ወደ ልደት ቀኑ ገባች። እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፤ ብዙ ልጆች የሚሰናከሉት እዚህ ነውና። እህቴ የተወለደችው መጋቢት 12 ቀን 1993 ነው። በፈረንጆቹ ማርች 21 ቀን 2001 ይሆናል። አንዱ ሰነዷ ላይ ግን ማርች 12 ቀን 2001 ተብሏል። ወሩን ቀይረው፣ ዓመቱን ስምንት ጨምረው፣ ቀኑን እንዳለ ትተውታል። ሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ 1993 እንዳለ ተቀምጧል፤ ፈረንጅ ሲያነበው ስምንት ዓመት የምትበልጥ ሌላ ሰው ናት። ለእኛ ተራ ነገር ነው። ኤምባሲ ጠረጴዛ ላይ ግን እነዚህ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ዓመቱም ሁልጊዜ ስምንት አይጨመርም። ከመስከረም እስከ እነሱ አዲስ ዓመት ለተወለደ ሰባት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ነው ስምንት የሚሆነው። ይህን እንኳ በወጉ የማያውቅ ስንት ፎርም ሞዪ አለ!

ስሙም እንደዚያው ነው። የአያታችን ስም በ«ጸ» ይጀምራል። ትራንስክሪፕቷ ላይ በቲ እና በኤስ ተጽፏል፣ ሌላው ላይ በኤስ ብቻ። ተርጓሚዋ ሰነዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጣ በጣቷ እየጠቆመች አሳየችን። ደግነቱ ፓስፖርቱ ገና አልወጣም ነበር። «መጀመሪያ የልደት ምስክር ወረቀቱን አስተካክሉ፤ ከዚያ ፓስፖርቱን ዲግሪዋ ላይ ባለው አጻጻፍ አስወጡ። ከፓስፖርቱ በኋላ አንዲት ፊደል እንዳትቀይሩ» አለች። እንዳለችው የልደት ወረቀቱ ታርሞ ፓስፖርቱ ከባሕር ዳር ወጣ። ፈረንጆቹ የሚጠይቁትን የቤተሰብ ስም ደግሞ እኛ ስለሌለን አንዱ ፎርም ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም እየሞላን መከራችንን እናያለን። የእሷ ምክር አጭር ነው፦ ፓስፖርቱ ላይ በየትኛው መስመር ምን እንደተጻፈ አይተሽ፣ ሁሉም ቦታ እንደዚያው ሙይ።

ዋናው ዲግሪም ሌላ ጣጣ ነበር። እህቴ እጅ ያለው ቴምፖ የሚሉት ጊዜያዊ ምስክር ወረቀት ብቻ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው ዋናው የሚሰጠው የወጪ መጋራቱ ተከፍሎ ሲያልቅ ነው። «ቀን የሚፈጀው ይሄ ስለሆነ ከሁሉም በፊት ይሄን ጀምሪ» አለቻት። ያጠራቀመችውን ደሞዝ ሰጥታ፣ እኔም ጨምሬላት ዘጋነው። ከዚያ ሰነዱን አዲስ አበባ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ፣ ቀጥሎ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማስመታት መጣ። የቪዛ ቀጠሮውም ቀበና ጀርመን ኤምባሲ ነው። ተርጓሚዋ ሦስቱን በአንድ ጉዞ እንዲያልቁ አድርጋ ቀን በቀን ጻፈችልን። «በዚህ ጊዜ አባይ በረሃን ሁለቴ አትውረዱ» ነበር ያለችን። መንገዱ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ በማይታወቅበት ወቅት ይህ ምን ያህል ውለታ እንደሆነ የእኛ አገር ሰው ይገባዋል።

የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ 8፡30 ይላል። እሷ ከጎኑ በእስክሪብቶ «ከጠዋቱ 2፡30» ብላ ጻፈችበት፣ አከበበችው። ከእህቴ ጋር ወረዳ የሚሠራ ልጅ ለሌላ አገር ቪዛ በፈረንጅ የተጻፈውን ሰዓት እንደ እኛ አንብቦ ከሰዓት በኋላ ሄዶ ቀጠሮው አምልጦታል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለውን ክብ ሳይ ደስ አለኝ።

ቪዛው ወጣ። ብዙ የሚወራበት ነገር የለም፤ ወረቀቱ ንጹሕ ነበር፣ የጠየቋትን መለሰች።

ከዚያ የጓዙ ነገር መጣ። እናታችን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትሰናዳ ነበር። ሦስት ኪሎ ንጥር ቅቤ፣ ቋንጣ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ማር። ተርጓሚዋን ለማመስገን ማርቆስ ስትመጣ ይህን ሁሉ በዝርዝር ነገረቻት። ያቺ ልጅ አንገቷን ደፍታ «እማ፣ ቅቤውና ቋንጣው አይገባም» አለቻት። ሥጋና የወተት ውጤት ከእኛ አገር ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች መግባት ክልክል ነው፤ ከተያዘ ይጣላል፣ ቅጣትም ሊያስከትል ይችላል። እናቴ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ቅቤው የገዛ ላሟ ነው፤ ኮረሪማና ኮሰረቱን ራሷ ናት አስተካክላ ያነጠረችው። ተርጓሚዋ ይህ ገባት። ከጠረጴዛዋ ተነስታ ከእናቴ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ሌላውን አንድ በአንድ አነሳችላት። ማሩ እስከ ሁለት ኪሎ ድረስ ይገባል። በርበሬውና ሽሮው ደርቆ የተፈጨ ስለሆነ በደንብ ታሽጎ፣ ላዩ ላይ ምንነቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎበት ይሂድ። ድርቆሹ ቀላል ነው፣ ኪሎ አይበላም፣ ይሂድ። ጋቢውም ይሂድ። «እኔ እዚያ ሁለት ክረምት ያሳለፍኩት እናቴ በሰጠችኝ ጋቢ ነው» አለቻት። እናቴ ያኔ ፈገግ አለች፤ «ተባረኪ የኔ ልጅ፤ ወላድሽ በድባብ ትሂድ» ብላ መረቀቻት።

አዎ፣ ራሷም እዚያ ተምራ የተመለሰች ናት። ለዚህ ነው ምክሯ ከሰው ሰው ከሚወራው የሚለየው። ወፍራም ካፖርት አዲስ አበባ በውድ ዋጋ እንዳንገዛ ከለከለችን፤ እዚያ ያገለገለ ጥሩ ልብስ በርካሽ ይገኛል። የእኛ ቻርጀር ያለ ማስተላለፊያ ሶኬቱ ላይ ይሰካል። ዋና ዋና ሰነዶች ሻንጣ ውስጥ አይገቡም፣ በእጅ ይያዛሉ። እሁድ ሱቅ ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ አስቤዛ መግዛት ነው። የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ አይጣልም፤ መያዣ ስለተከፈለበት ሱቅ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ 25 የዩሮ ሳንቲም ያስገኛል። ቴሌቪዥን ባይኖር እንኳ እያንዳንዱ ቤት ለብሮድካስት በወር 18.36 ዩሮ ይከፍላል። ከሌሎች ጋር ከኖረች ይካፈሉታል እንጂ እያንዳንዳቸው ለየብቻ አይከፍሉም። ስለዚህ ደብዳቤው ሲመጣ እንዳትደነግጥ።

ከሁሉም በላይ አጥብቃ የነገረቻት ግን ሁለት ነገር ነው። ቤት እንደገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንሜልዱንግ የሚሉትን የመኖሪያ ምዝገባ አድርጊ፤ ለዚያ ደግሞ አከራይሽ የሚፈርመውን ወረቀት በመጀመሪያው ቀን ጠይቂ። ሁለተኛው፦ የፖስታ ሳጥኑ ላይ ስምሽን ለጥፊ። እዚያ አገር ባንኩም፣ መድኑም፣ መንግሥቱም ሁሉን ነገር የሚልከው በፖስታ ነው። ስም ከሌለ ፖስተኛው ይመልሰዋል። የእሷ የባንክ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ተመልሶባታል፤ አንድ ወር ሙሉ ያለ ካርድ ኖራለች። እህቴ ገና ከዚህ ሳትነሳ ስሟን በትልቁ በኮምፒውተር አጽፋ፣ ላሚኔት አስደርጋ ሰጠቻት። ትናንት «ካርዴ መጣልኝ» ያለችኝ ለዚህ ነው። ያቺ ቁራጭ ወረቀት አሁን ጀርመን አገር ፖስታ ሳጥን ላይ ተለጥፋለች።

ለሚሄድ ሰው እውነቱን መናገር ስላለብኝ ይህንንም ልጨምር። ሥራዋ ቶሎ የሚያልቅ አይደለም። ወረቀት ሳታነብ አትፈርምም፤ ስለዚህ ወረፋ አለ። ነገ ቀጠሮ ኖሮት ዛሬ ለሚሮጥ ሰው አትሆንም፤ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ጀምሩ። ደግሞ ቪዛ አታስወጣም፣ አስወጣለሁም አትልም። እኛ ቁጭ ብለን ሳለ አንድ ሰው ያልሠራበትን የሥራ ልምድ እንድትጽፍለት ገንዘብ ቢቆልልላት በትሕትና መልሳዋለች። የምታስከፍለው የትርጉም፣ የጽሑፍና የኮፒ ነው፤ ዋጋውም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ምክሩን በነጻ ነው የምትሰጠው። በበኩሌ ምክሩንም ብታስከፍል ደስ ይለኛል፤ እንዲህ ያለ ሰው ሥራውን ትቶ እንዲሄድብን አልፈልግም።

አንቺ ተርጓሚዋ እታለም፣ ይህን ካነበብሽው፦ አባታችን በእነዚያ በሬዎች ዘንድሮ አርሶ ጤፉን ዘርቷል። እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዳልኛለችና እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ዋናውን ሰነድ ከነኮፒው ይዛችሁ ሂዱ፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ አትቀበልም። የልደት ምስክር ወረቀቱን ከላይ አድርጉት፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።