ዜድኤፍኤስ ስናፕሾት፦ ሰርቨሩ ፒያሳ፣ መጠባበቂያው ካዛንቺስ

በዜድኤፍኤስ (ZFS፣ የፋይል ማከማቻ ሥርዓት) ስናፕሾት፣ ማለትም ዳታው በአንድ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ በሚይዝ ምስል፣ ሰርቨርን ወደ ሌላ ሰፈር መጠባበቂያ ሰርቨር መገልበጥ ለመሃል ከተማ ቢሮዎች ከልብ የምንመክረው ነው። ወደ መጠባበቂያው የሚሄደው ካለፈው ስናፕሾት ወዲህ የተለወጠው ብቻ ነው። መስመር ወይም መብራት መሃል ላይ ቢቋረጥ፣ ተቀባዩ ካቆመበት እንዲቀጥል አስቀድሞ ከታዘዘ ከዜሮ አይጀምርም፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ዋናው ጥንቃቄ ዳታቤዝ ላይ ነው። የፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ሶፍትዌር) ዳታና ለውጦች የሚመዘገቡበት ሎግ በተለያየ የዜድኤፍኤስ ክፍል (ዳታሴት) ከተቀመጡ፣ የሁለቱም ስናፕሾት በአንድ ትእዛዝ፣ በአንድ ቅጽበት ይወሰድ። በሰከንድ እንኳ ከተለያዩ መጠባበቂያው ላይ ዳታቤዙ ላይነሳ፣ ወይም ተበላሽቶ ሊነሳ ይችላል። ሁለቱ ሰርቨሮች የሚጋሩት የመጨረሻው ስናፕሾት ከተሰረዘ ደግሞ ሙሉውን እንደገና መላክ ነው፤ እንዳይሰረዝ ይቆለፍ። መጠባበቂያው ለንባብ ብቻ ይሁን፤ ያለዚያ ፋይል መክፈት ብቻውን የንባብ ሰዓት ያስመዘግብና መጠባበቂያው ቀጣዩን የስናፕሾት ለውጥ አልቀበልም ይላል።