ዲጂታል ካሊፐሬ ከ11 ወር በኋላ

ይቺን ባለ 150 ሚሊ ሜትር ዲጂታል ካሊፐር (ዕቃን በመንጋጋዋ ይዛ ልኩን ስክሪን ላይ የምታሳይ መለኪያ) በራሴ ብር ነው የገዛኋት፣ ጓደኛዬ ከመርካቶ ገዝቶ በአውቶብስ ላከልኝ፣ ብራንድ የሚባል ነገር የላትም። ሥራዬ ባህር ዳር አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ኳሊቲ ነው፣ የወፍጮና የመውቂያ ማሽን መለዋወጫ ነው የምንሠራው፣ ከቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ ከሚቀርጸው ማሽን) የወጣውን ለክቼ ይለፍ ወይ ይመለስ የምለው እኔ ነኝ (በዚህ ምክንያት ምሳ ላይ ብዙም አልጋበዝም)።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ላውራ። ዜሮ ማድረጊያዋ ነገር ነው፣ ልኩ ትክክል የሆነ ናሙና ላይ ዜሮ አድርጌ ሌላውን ስለካ ልዩነቱን ብቻ ነው የምታወጣልኝ፣ 40 ቁራጭ ስትለካ ጭንቅላትህ ያርፋል። ደግሞ ኢንች አላት። ከመራዊ የመጣ ባለወፍጮ ሻፍቱ (የሚሽከረከረው ዘንግ) 25 ሚሊ ሜትር ነው ብሎ ሲምል ኢንቹን ብትጫነው ልክ 1.000 ትላለች፣ ማለት 25.4 ነው፣ የድሮ ማሽን ነዋ!

ባትሪ ላይ ግን አንጀቴን አሳርራኛለች። ኦፍ ብታደርጋት እንኳ ስክሪኗ ነው እንጂ የሚጠፋው ውስጧ ቀስ እያለ ይበላል። ኤልአር44 የሚባለው የአልካላይን ክብ ባትሪ ቮልቴጁ እየወረደ ስለሚሄድ ቶሎ ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች፣ ኤስአር44 የሚባለውን የሲልቨር ኦክሳይድ ባትሪ ሳስገባባት ሰነበተልኝ፣ እሱ እስኪያልቅ ድረስ 1.55 ቮልት አካባቢ ይቆያል። ኩላንት (ብረት ሲቆረጥ የሚፈስበት ማቀዝቀዣ) ሲነካት ደግሞ ቁጥሯ ዝም ብሎ ይዘላል፣ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው።

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ለ6205 ኩሽኔታ (ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ቤሪንግ) ሻፍት ሠራን፣ ከቶርኖው እንደወረደ ትኩሱን ለካሁት፣ 25.01 አለችኝ፣ አሳለፍኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሰውዬው ተመለሰ፣ ኩሽኔታው ሻፍቱ ላይ እየተንሸራተተ። በዚያው ቀን የሠራነው ሌላኛው ሻፍት መደርደሪያ ላይ ነበር፣ እሱንም 25.01 ብላኝ ነበር፣ ማይክሮሜትር (ከካሊፐር ይበልጥ በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ተውሼ ቀዝቃዛውን ብለካው 24.98! ብረቱ 40 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ 25 ሚሊ ሜትር ላይ አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል፣ መለኪያ ሁሉ የሚታሰበው ደግሞ በ20 ዲግሪ ነው፣ የቀረውን ስህተት እሷና እጄ ይካፈሉት፣ ትንሽ አዘንብለህ ከያዝካት ታበዛለች።

እኔ የሞኘሁት ስክሪኑ ላይ 0.01 ስላየሁ ነው። እሱ የምታሳየው ትንሹ ቁጥር ነው፣ የእነዚህ ካሊፐሮች ስህተት 0.02 ወይም 0.03 ሊደርስ ይችላል። ለኩሽኔታው የምንፈልገው ኬ6 የሚባለው የሻፍት ልክ ገደብ ደግሞ ከ25.002 እስከ 25.015 ነው፣ መላ ስፋቱ 13 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ)! በሷ መፍረድ ማለት በእህል ሚዛን ወርቅ መመዘን ነው። ቶርኖ ላይ ያሉት ጋሼ ነገሩን ሲሰሙ «ልጄ፣ ቁጥር ስላወጣች እውነት ተናገረች ማለት ነው?» አሉኝ፣ መልስ አልነበረኝም።

ድጋሚ እገዛታለሁ ወይ? አዎ፣ ለርዝመት፣ ለፑሊ፣ ለጉድጓድ ጥልቀት እሷን የመሰለ የለም፣ ጠዋት ጠዋት መንጋጋዋን ጠርጌ ገጥሜ ዜሮዋን አያለሁ። ለኩሽኔታ መቀመጫ ግን ከ25 እስከ 50 የሚለካ ማይክሮሜትር ይገዛልኝ ብዬ ጽፌ አስገባሁ። አለቃዬ ወረቀቱን አየና «ያቺ ዲጂታሏ እያለችልህ?» አለኝ።