«እንጨቱ በነፃ፣ የመኪና ብቻ» ሲሏችሁ ሳታዩ አትክፈሉ

በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ በኩል የምትኖሩ፣ ዛፍ ቆራጮች «ማገዶው ነፃ ነው፣ የመኪና ብቻ ቻሉ» ሲሏችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። አብዛኛውን ጊዜ ለመቁረጡም ለማጽዳቱም ባለግቢው ይከፍላቸዋል። ጥራጊውን የትም ወስደው መድፋት አለባቸውና የመኪናውን እናንተ ከቻላችሁ ቆሻሻቸውን ያነሳችሁላቸው እናንተ ናችሁ። ቀጥ ቀጥ ያለው ባህር ዛፍ ለአጣና ተለይቶ ይሸጣል። ለእናንተ የሚጫነው ጉቶና ቅርንጫፍ ነው።

ጉቶ ሲያዩት ብዙ ማገዶ ይመስላል። ውስጡ ግን የተጠማዘዘ ስለሆነ መጥረቢያውን ነክሶ ይይዛል እንጂ አይፈለጥም። ሥሩ መሃል የተሰነቀረው አፈርና ጠጠር ደግሞ የሞተር መጋዙን ጥርስ ወዲያው ያደንዘዋል። ከአጥር ጥግ የተቆረጠ ግንድ ሚስማርና ሽቦ ውጦ ሊሆን ይችላል፤ የተቆረጠው ፊት ላይ ጥቁር ሰማያዊ እድፍ ካለ ብረት አለበት ብላችሁ ተጠንቀቁ። ከአጥር የመጣ ቅንጭብ ወይም ቁልቋል ከተቀላቀለበት ጨርሶ አትቀበሉ፤ ነጭ ወተቱ ዓይን ይጎዳል፣ ቆዳ ያቃጥላል። የባህር ዛፍ ቅጠል ለእንጀራ ምጣድ ደህና ነው፣ ግን የፍልጥ ዋጋ አይከፈልበትም።

ትልቁ ኪሳራ እርጥበቱ ነው። አሁን የተቆረጠ ግንድ ግማሽ ክብደቱ ውሃ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው 100 ኪሎ በደንብ ሲደርቅ 60 ኪሎ ገደማ ይቀራል፤ ለጎደለው 40 ኪሎ የከፈላችሁት ውሃ ለማመላለስ ነው። እርጥቡን ብታነዱት ጫፉ ላይ አረፋ እየደፈቀ ይንጨረጨራል፣ ቤቱን በጭስ ይሞላል፣ ምጣዱ ግን አይግልም። ሁለት ፍልጥ አጋጩ፦ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ጫፉም የተሰነጣጠቀ ነው፤ እርጥቡ ድምፁ የታፈነ ነው።

ስለዚህ መኪናው ከመጫኑ በፊት እንጨቱ ያለበት ድረስ ሂዱ። ጉቶ እንደማይጫን፣ ግንዱ በ40 ሴንቲሜትር እንደሚቆራረጥ፣ ጫኝና አውራጁን ማን እንደሚከፍል ቁርጡን ተነጋገሩ። ቀብድ አትስጡ፤ ሒሳቡ ከተራገፈ በኋላ ይሁን። ተደርድሮ የተጫነ 1 ሜትር ኩብ ውስጥ እንጨቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ያህል ነው፤ ዝም ብሎ የተወረወረ ቅርንጫፍ ግን አብዛኛው አየር ነው። የመኪናውን፣ የጫኝ አውራጁንና የፈላጩን ደምራችሁ በሰፈራችሁ በዚያ ብር ስንት እስር ደረቅ ፍልጥ እንደሚገዛ አስሉ። ደረቁ ከበለጠ ተዉት።

ከወሰዳችሁ ባህር ዛፉን በእርጥቡ ፍለጡት፤ ከደረቀ ይጠነክራል። ከመሬት 15 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ በሁለት አጣና ላይ ደርድሩ፣ ላዩን ብቻ በቆርቆሮ ሸፍኑ፣ ጎኑን ንፋስ ይግባው። በጥቅምት የተፈለጠ በበጋው ይደርሳል። በሰኔ የተራገፈ ግን ክረምቱን ሙሉ እርጥብ እንደሆነ ይሻግታል።

ሌላው የኬላ ጉዳይ ነው። የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ ጥበቃ የሚደረግላቸው ሀገር በቀል ዛፎች ናቸው፤ እነዚህ ተቀላቅለው ካያችሁ እጃችሁን አታስገቡ። ለሌላውም ቢሆን የመቁረጫና የማጓጓዣ ፈቃዱን ሾፌሩ እጅ ላይ እዩ። «ወረቀቱ ኋላ ይመጣል» ካለ መኪናውን ባዶውን መልሱት።