የፊንላንድኛ ፐርፌክቲ እና ኢምፐርፌክቲ ንጽጽር
ፐርፌክቲና ኢምፐርፌክቲ የፊንላንድኛ የግስ ጊዜዎች ናቸው። ሁለቱም ያለፈን ድርጊት ይገልጻሉ፤ ልዩነታቸው ድርጊቱ ከአሁን ጋር ባለው ግንኙነት ላይ ነው። በኢምፐርፌክቲ «አሱይን ሄልሲንጊሳ ቪሲ ቩኦታ» ያለ ሰው በሄልሲንኪ አምስት ዓመት ኖሮ ወጥቷል፤ በፐርፌክቲ «ኦሌን አሱኑት ሄልሲንጊሳ ቪሲ ቩኦታ» ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዛሬም በከተማዋ ይኖራል። የእኛ «ኖሬአለሁ» ይህን ቀጣይነት በግልጽ ስለማያሳይ፣ አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ በተለይ መጠንቀቅ ይኖርበታል። «ኤይለን»፣ ማለትም «ትናንት»፣ ሲኖር በተለምዶ የሚመረጠው ኢምፐርፌክቲ ነው።

በአሠራር ረገድ ፐርፌክቲ ይቀላል ብዬ አምናለሁ። ኢምፐርፌክቲ በግሱ ላይ «ኢ» ሲጨምር ሌሎች ድምፆችን ይለውጣል፦ «አናን» (እሰጣለሁ) «አኖይን»፣ «ቲዬዳን» (ዐውቃለሁ) ደግሞ «ቲዬሲን» ይሆናሉ። ፐርፌክቲ ግን «ኦላ» የተባለውን ረዳት ግስ በአሁን ጊዜ አርብቶ፣ ዋናውን ግስ ብዙውን ጊዜ በ«ኑት» ወይም በ«ኒውት»፣ ባለቤቱ ብዙ ሲሆን በ«ኔት» ይጨርሳል፤ ለምሳሌ «ኦሌን አንታኑት» (ሰጥቻለሁ)።

ተማሪው ልብ ሊለው የሚገባው ትልቁ ጥቅም ይህ በ«ኑት» የሚጨርሰው የግስ ቅርጽ ለኢምፐርፌክቲ አሉታም ማስፈለጉ ነው። «አልሰጠሁም» ለማለት «ኤን አንታኑት» ይባላል፤ «ኦሌ» ሲገባበት «ኤን ኦሌ አንታኑት» ተብሎ የፐርፌክቲ አሉታ ይሆናል። ስለዚህ በፐርፌክቲ የጀመረ ተማሪ የኢምፐርፌክቲን አሉታዊ ግማሽ አብሮ ይይዛል።