ጅቡቲ ወይስ በርበራ?

ሁለቱም ወደቦች፣ ጅቡቲም የሶማሌላንዱ በርበራም፣ የኢትዮጵያን ጭነት ይፈልጋሉ። አካሄዳቸው ግን ለየቅል ነው።

ጅቡቲ ላይ ዋናው ተዋናይ መንግሥት ነው። የዶራሌን የኮንቴይነር ተርሚናል የዱባዩ የወደብ ኩባንያ ዲፒ ወርልድ ያስተዳድረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መንግሥት ውሉን ሰርዞ ተርሚናሉን ወሰደ። ክርክሩ እስካሁን ያነጋግራል። ኢንቨስትመንቱ ግን በዚህ ተርሚናል አላበቃም። በ2017 ሁለገቡ የዶራሌ ወደብ ተከፈተ፤ ከአዲስ አበባ የሚነሳው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የኤሌክትሪክ ባቡርም ደጁ ድረስ ይገባል። ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ኮንቴይነሩ ከመርከብ ወርዶ በሐዲድ ወደ መሀል አገር ይገባል። ያም ሆኖ አብዛኛው ጭነት ዛሬም በከባድ መኪና ነው። ጋላፊ ድንበር ላይ ሹፌሮች በዚያ ሐሩር ተሳቢያቸው ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ወረፋ ይጠብቃሉ።

በርበራ ደግሞ ለዚያው ዲፒ ወርልድ ተሰጠ። 400 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ የመርከብ ማቆሚያ በ2021 ተመረቀ፤ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር፣ ወደ ቶጎ ውጫሌ፣ የሚወስደው መንገድም ታደሰ። ባቡር የለም። ድሮም የሚታወቀው በበግና ፍየል ነው፤ ለሐጅ ሰሞን ወደ ሳዑዲ ይጫናሉ።

ለጅግጅጋ ነጋዴ በርበራ ያዋጣል ባይ ነኝ። ለአዲስ አበባ ግን ባቡሩ እያለ ጅቡቲን የሚተካ አይታየኝም። ጅቡቲ ብቻዋን ዋጋ ከምትቆርጥ ተፎካካሪ አጠገቧ መኖሩ ግን አይጠላም።