በሃይላንድ ክዳን የሚለካ የቱ ስትሮክ ዘይት አትግዙ

ጅማና አካባቢዋ ቱ ስትሮክ ሞተር (ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚያቃጥለውን) የምትነዱ፣ ይቺን ሳታነቡ አትለፉ። ቦክሰርና ሌላ ፎር ስትሮክ ያላችሁን አይመለከትም፤ እናንተ ቤንዚን ውስጥ ዘይት አትጨምሩም። የእንጨት መሰንጠቂያ ወይም ያቺ ትንሿ ቱ ስትሮክ ጄኔሬተር ያላችሁ ግን አብራችሁ ስሙ።

የእኔዋ ያማሃ ኤጂ 100 ናት፤ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ገጠር ለገጠር ሲያንከራትቷት የኖሩት ዓይነት። ከፋብሪካ ስትወጣ የራሷ የዘይት ታንክና ፓምፕ አላት፣ መቀላቀል አያስፈልጋትም። እኔ እጅ ስትገባ ግን ፓምፑ ተነቅሎ ቀዳዳው ተደፍኖ ነበር። ስለዚህ እየቀላቀልኩ ነው የምነዳት።

ባለፈው ወር መርካቶ አካባቢ አንድ መለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ልጁ የታሸገውን ዘይት ዋጋ ነግሮኝ ፊቴን ሲያይ ከባንኮኒው ስር ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አወጣ። ውስጡ ቀይ ዘይት። «ወንድሜ፣ ይሄ ከበርሜል የተቀዳ ኦሪጅናል ነው፣ በግማሽ ዋጋ ውሰደው። ወፍራም ስለሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን አንድ ክዳን ይበቃዋል። ጭስም የለውም» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ከዋጋው ይልቅ የጭሱ ነገር ነው ያማለለኝ፤ ጠዋት ሳስነሳት ጎረቤት ሁሉ መስኮት ይዘጋብኛል።

እውነትም ጭሱ ጠፋ። ሁለት ሳምንት ደስ ብሎኝ ነዳሁ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ወንድሜን ከኋላ ጭኜ የደዶን ዳገት ስወጣ ሞተሯ ጉልበት አጣች፣ ጭርር አለች፣ የኋላው ጎማ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለጥቂት ነው ያልወደቅነው። ነክሳለች፤ ፒስተኗ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቋል ማለት ነው። በአይሱዙ ተጭና ነው ጅማ የተመለሰችው።

የከፈቱልኝ መካኒክ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ፒስተኑ በጭስ መውጫው በኩል ከላይ እስከ ታች ተፍቋል፣ አንዱ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ከቦታው አልነቃነቅ ብሏል። «ልጄ፣ ዘይቱን በምን ነው የምትለካው?» አሉኝ። «በክዳን፣ ጋሼ» ስላቸው ሳቁና ከፋርማሲ የ10 ሚሊ ሲሪንጅ አስገዙኝ። ክዳኑን እስከ አፉ ሞልተን ስንለካው 6 ሚሊ ሊትር ነው!

ሂሳቡን እዩልኝ። 6 ሚሊ በ1,000 ሚሊ ውስጥ ማለት 1 ለ 166 ገደማ ነው። 1 ለ 50 እንኳ በሊትር 20 ሚሊ ይፈልጋል፣ እሱም አምራቹ ለፈቀደለት ሞተርና ለጥሩ ዘይት ነው። 1 ለ 32 ከሆነ 31 ሚሊ፣ 1 ለ 25 ከሆነ 40 ሚሊ። መካኒኩ ለእኔዋ አሮጌ፣ በአየር ብቻ ለምትቀዘቅዝና ዳገት ለምትበላ 1 ለ 25 አሉኝ፤ ለ5 ሊትር 200 ሚሊ መሆኑ ነው። እኔ ለ5 ሊትር ስሰጣት የኖርኩት 30 ሚሊ ነው። ጭሱ የጠፋውም የሚቃጠል ዘይት ስለሌለ ነበር። ልጁ «አንዷ ሃይላንድ 80 ሊትር ታስኬድሃለች» ያለኝስ? ድምሩ ልክ ነው፣ ሞተሯን ነው ያልቆጠራት።

ቱ ስትሮክ እንደ ፎር ስትሮክ ከስሩ የተጠራቀመ ዘይት የለውም። ክራንኩም (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ)፣ ኩሺኔታውም፣ ፒስተኑም የሚለሰልሱት ከቤንዚኑ ጋር በሚያልፈው ብቻ ነው። ለዚህ ነው ረጅም ቁልቁለት ነዳጅ ሳትሰጡ በማርሽ መውረድም የሚጎዳው፤ ቤንዚን ካልገባ ዘይትም አይገባም። አልፎ አልፎ ሰጥ አድርጉላት። «እንግዲያው ይብዛላት» ማለትም አያዋጣም፣ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ማርሚታ (የጭስ መውጫ ቱቦውን) ይደፍናል።

ዘይቱ ራሱ ደግሞ ቱ ስትሮክ አይመስልም። ቤንዚን በያዘ ብልቃጥ ጠብ ስናደርገው ሰምጦ ከስር ተቀመጠ፤ የታሸገው ግን ሁለቴ ነቅነቅ ሲደረግ ተዋሃደ። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ሆኖም መካኒኩ ፎር ስትሮክ ነው ባይ ናቸው። የፎር ስትሮክ ዘይት እንዲቃጠል አልተሠራም፣ ውስጡ ያለው ማጽጃ ሲቃጠል አመድ ይተዋል። በቀለሙ አትታለሉ፤ ቀዩም ሰማያዊውም አረንጓዴውም ቀለም የተጨመረበት ነው። ማሸጊያው ላይ ጃሶ ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ (JASO FC, FD) የሚል የቱ ስትሮክ ዘይት የደረጃ ጽሑፍ ፈልጉ። (የማርሹ ዘይት ሌላ ነው፣ እሱን ከዚህ ጋር አታምታቱ።)

አሁን የምቀላቅለው በጀሪካን ነው። ግማሹን ቤንዚን፣ ከዚያ በሲሪንጅ የተለካ ዘይት፣ ነቅነቅ፣ ከዚያ ቀሪውን ቤንዚን። የታሸገውን ጨርሳችሁ ባዶውን ስትጥሉ ቅደዱት፤ አጭበርባሪዎች ደህና ዕቃ ካገኙ መልሰው ይሞሉበታል።

ሱቁ ተመልሼ ሄጄ ነበር። «ደረሰኝ አለህ?» አለኝ ልጁ። የለኝም። ለፒስተን፣ ለፋሻና ለቶርኖ ቤት 7,800 ብር ከኪሴ ወጣ። የተረፈችዋን ሃይላንድ ግን አልጣልኳትም፣ የግቢው በር ማጠፊያ ይጮህ ነበር፣ ለእሱ ሆነች። አሁን የምፈልገው የኤጂ 100 የዘይት ፓምፕ ነው፤ ጅማ ወይም አጋሮ ያየ ካለ ይጠቁመኝ።