ኤፍቲ 240-31 ፌራይት ቀለበት፦ ከንፈሬን ያሳረፈልኝ ዕቃ

በአማተር ሬዲዮዬ በ40 ሜትር ባንድ (7 ሜጋኸርዝ አካባቢ) ሳወራ ከንፈሬ ማይክራፎኑን በነካ ቁጥር ቆንጠጥ ያደርገኝ ነበር። ጥፋቱ የዳይፖሉ (መሃሉ ላይ ኬብል የሚገባበት የሽቦ አንቴናዬ) መስሎኝ ስንት ቀን ሽቦ ስቆርጥ ስቀጥል ከረምኩ፤ ለካ ሬዲዮውን ከአንቴናው የሚያገናኘው የኮአክሲያል ኬብል የውጭ የሽቦ መረብ ራሱ አንቴና ሆኖ ቁጭ ብሏል!

መድኃኒቱ ቾክ ነው፤ ኬብሉን ፌራይት በሚባል መግነጢሳዊ ሸክላ ቀለበት ላይ ጠምጥሞ በመረቡ ውጭ የሚሄደውን ጅረት ማገድ ማለት ነው። መጀመሪያ ርካሽ ነው ብዬ ዓይነቱ ያልተገለጸ ጥቁር ቀለበት ከኦንላይን ሻጭ ገዛሁ፣ ጠመጠምኩ፣ ወፍ የለም። ጥቁር ሁሉ ፌራይት አንድ አይደለማ። ከዚያ የፌር-ራይት ኩባንያን ኤፍቲ 240-31 አዘዝኩ፤ 31 የፌራይቱ ቅይጥ ቁጥር ነው። የውጭ ስፋቱ 61 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሲይዙት ከበድ ይላል። አርጂ-58 የሚባለውን ቀጭን ኮአክሲያል ኬብል 12 ዙር ጠምጥሜ፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ አስሬ፣ ዳይፖሉ መሃል ላይ ሰቀልኩት። ቁንጥጫው ጠፋ። የኮምፒውተሩ ስፒከር ውስጥ ይንጫጫ የነበረው ድምፄም ዝም አለ።

ዋጋው ግን ይቆረቁራል፣ ደግሞ ከእጅ ካመለጠ እንደ ሸክላ ነው የሚሰበረው። ኬብሉንም በጣም አጥብቃችሁ አትጠምጥሙት፤ የመሃሉ ሽቦ ቀስ በቀስ ፕላስቲኩን ገፍቶ ወደ መረቡ ይጠጋል። ከፍ ባለ ፓወር ለሚሠራ በፕላስቲኩ ፋንታ ሙቀት የሚችል ቴፍሎን ያለው አርጂ-400 ኬብል ይሻላል። ለ10 ሜትር ባንድ ብቻ ከሆነ እኔ ባለ 43 ቁጥር ቅይጡን ቀለበት ነው የምገዛው።